የስድስት ሚሊሜትር ጣጣ

አባቴ ለወገቡና ለጉልበቱ ብሎ ወንዛዬ ፍል ውሃ ሲወርድ፣ መኪናው ላይ ከመውጣቱ በፊት የተናገረኝ የመጨረሻ ቃል «ብስክሌቱን እንዳትነኪ» የሚል ነበር። ደህና ሰንብቺ እንኳ አላለኝም። አብራው የምትሄደው እናቴ ስንቁን ታቅፋ ቆማ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች፤ ታውቀኛለችና። እኔም አልነካም ብዬ ማልሁ። መሐላው የቆየው እስከ ማግስቱ፣ ሰኞ ከፋብሪካ እስክወጣ ድረስ ነው።

ከመፍረዳችሁ በፊት ግን ነገሩን ከሥሩ ስሙኝ። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የክር ጥራት በሚመረመርበት ክፍል እሠራ ነበር። አባቴም እዚያው ፋብሪካ መካኒክ ሆኖ ያረጀ፣ ጡረታ የወጣ፣ የድሬዳዋ ሰው ነው። የድሬዳዋ ሰው ስለሆነ በቤታችን አንቱታ አልነበረም። የጎረቤት ልጆች አባቶቻቸውን እርስዎ ሲሉ እኔ አባቴን አንተ እለው ነበር፤ በዚህ የተነሣ ሰፈሩ ሁሉ ባለጌ ይለኝ ነበር። ባለጌ የሚያስብሉ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩኝ፤ እነሱን ግን ለጊዜው እንተዋቸው።

ወደ ብስክሌቱ ልመለስ። እናቴ «ከድሬዳዋ ሲመጣ ከብስክሌቱ በቀር ዘመድ አላመጣም» እያለች ትተርበው ነበር። በዚያ ዘመን ባሕር ዳር ላይ ከእግረኛው ብስክሌተኛው ይበዛ ነበር ብል አልዋሸሁም። ግን ሁሉም የሚነዳው ያንን ጥቁሩን፣ ከባዱን፣ ከኋላው ግማሽ ኩንታል እህል የሚጫንበትን የቻይና ብስክሌት ነው። የአባቴ የጣሊያን ኮርሳ ነበር። ጎማው ቀጭን፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተቆለመመ፣ ቀለሙ ሰማያዊ። በወጣትነቱ ድሬዳዋ ላይ ተወዳድሮበታል። ስንተኛ ወጣህ ብለን ስንጠይቀው ግን ወሬውን ወደ ጎማው አያያዝ ይለውጠዋል።

ጉልበቱ እምቢ ካለው ወዲህ ብስክሌቱ ለማን ይሁን የሚል ክርክር ቤታችን ገባ። ታላቅ ወንድሜ ማክሰኝት አስተማሪ ነው፤ አባቴ ለእሱ ሊሰጠው አሰበ። እኔ እዚሁ አፍንጫው ሥር እያለሁ! ወንድሜን እወደዋለሁ። ግን ወንድሜ የመጀመሪያ ብስክሌቱን ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ላይ አቁሞ በዝገት ያስበላ ሰው ነው። ይህን እያነሣሁ ተከራከርሁ፣ አኮረፍሁ፣ አንድ ቀን ምሳ አልበላም ብዬ ራቴን በምሳው ላይ ደርቤ በላሁ። በመጨረሻ አባቴ ፈረደ። ከወንዛዬ በሚመለስበት እሑድ ይፈትነኛል፤ ወንድሜ ደግሞ ሰኞ ይመጣል።

«የኋላውን ጎማ በፊቴ ታወጪና በፊቴ ትመልሻለሽ» አለኝ። «ልክ ከገባ ብስክሌቱ ያንቺ ነው። ካልገባ ወንድምሽ ይዞት ይሄዳል።»

የፊት ጎማ ማንም ያስገባዋል። የኋላው ግን ካቴናው አለ፣ ጥርሱ አለ፣ የሚጠምምበትም መንገድ ብዙ ነው። አባቴ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጭ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ይመረምረው ነበር። መጀመሪያ ብስክሌቱን ከኮርቻው አንሥቶ ጎማውን የሚያጠብቁትን ዳዶዎች ያላላል። ፔርኖው፣ ማለት ጎማው የሚዞርበት ዘንግ፣ ሳይገፋና ሳይጎተት በገዛ ራሱ ጎማውን ግራና ቀኝ ከሚይዘው ከኋላው ሹካ አፍ መውጣትና መግባት አለበት። ቀጥሎ የፔርኖው ጫፍ በግራም በቀኝም እኩል ወጥቶ እንደሆነ በጥፍሩ ይዳስሳል። ከዚያ በጎማውና በሹካው መካከል አውራ ጣቱን አንድ ጊዜ በግራ አንድ ጊዜ በቀኝ ይሰድዳል፤ አንዱ ወገን ከጠበበው ጎማው ጠምሟል። በመጨረሻ ያሽከረክረውና ጆሮውን ይሰጣል። እናቴ እኔ ሳወራ እንዲህ አድምጦኝ አያውቅም ትል ነበር።

ታዲያ ብስክሌቱን ሳይነኩ ለዚህ ፈተና እንዴት ይለማመዱለታል? እስቲ እናንተ ንገሩኝ።

ሰኞ ከፈረቃ ስወጣ ሩጫዬ ወደ ብስክሌቱ ሆነ። የመጀመሪያው ሙከራ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፤ እጄ እስከ ክርኔ ግራሶ በግራሶ ሆነ። በሁለተኛው ቀለለኝ። በሦስተኛው ጎማው ሰተት ብሎ ገባ። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን ሳይነዱት ልክ መግባቱ በምን ይታወቃል አልሁና፣ ዳዶውን ባለ በሌለ ኃይሌ አጥብቄ ወጣሁ።

ብቻዬን ብወጣ ደግ ነበር። ጓደኛዬን ጠራኋት። እሷም የፋብሪካው ሠራተኛ ናት፤ ቤተሰቦቿ ሐይቁ ዳር ዓሣ በማጥመድና ጀልባ በመሥራት የሚኖሩ ሙስሊሞች ናቸው። በሳቅ የሚወዳደራት የለም፤ በስብሰባ ላይ ከኔ ጋር እንዳትቀመጥ እስከ መከልከል ደርሳለች። ከፊት ባለው ብረት ላይ አፈናጥጫት በዘንባባው መንገድ ሰው ሁሉ እስኪያየን ተንሸራሸርን። ሁለት ሴቶች በአንድ ኮርሳ ላይ መታየት ያኔ ቀላል ነገር አልነበረም። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሳይቀር ቆሞ አየን፤ እኔም እጄን አውለበለብሁለት። ምን ሰይጣን እንዳውለበለበኝ እንጃ።

ከዚያ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ድንጋያማ መንገድ ታጠፍን። ከኮርቻው ሥር ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የኋላው ጎማ ወደ አንድ ወገን ጋደል ብሎ ሹካው ላይ ተጣብቆ ቆመ። ወርደን ስናይ ፔርኖው ለሁለት ተቆርጧል። እኔ ያንቺ ክብደት ነው አልሁ፤ እሷ ያንቺ ማጥበቅ ነው አለች። እስከ ዛሬ አልተስማማንም። እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ወንድሜ ብስክሌቴን እየነዳ ማክሰኝት ገበያ መካከል ሲያልፍ በዓይኔ ታየኝና አለቀስሁ።

ብስክሌት ጠጋኝ በከተማው ሞልቷል። ግን ሁሉም አባቴን ያውቁታል፤ ብስክሌቱንማ ከአባቴም አብልጠው ያውቁታል። አንዱ ዘንድ ብወስደው ወሬው በማግስቱ ወንዛዬ ይደርሳል፣ አባቴም ከነፎጣው ይመጣል። ስለዚህ ጓደኛዬ ወደ አጎቷ ወሰደችኝ።

አጎቷ ጀልባ ሠሪ ናቸው። ብዙ አይናገሩም፤ ሲስቁም የሚስቀው ትከሻቸው ብቻ ነው። ከሐይቁ ዳር ባለው ዳሳቸው ውስጥ አንድ ቀጭን የብስክሌት ጎማ እንጨት ላይ ተሰክቶ የመረብ ክር ይጠመጠምበት ነበር። ከኮሌጁ አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ወደ አገሩ ሲመለስ ጥሎት የሄደው ነው። የኮርሳ ጎማ! ዓይኔን ከሱ ላይ መንቀል አቃተኝ። ሽማግሌው ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ ክራቸውን ፈትተው ጎማውን ሰጡኝ፤ የኔን ሰባራ ጎማ ደግሞ የእንጨት ፔርኖ ሠርተው ክር ሊጠመጥሙበት ወሰዱ። እጃቸውን ልስም ጎንበስ አልሁ። መጀመሪያ መግባቱን እዪው አሉኝ።

አልገባም። ሹካው አፍ ላይ ደርሶ ቆመ።

ማክሰኞ ከሥራ ክፍሌ ካሊብሮ ይዤ መጣሁ፤ ሚሊሜትርን እንኳ ከፋፍሎ የሚለካ የብረት መለኪያ ነው። የሕዝብ ንብረት ስለሆነ ለማውጣት ይፈረማል። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ለማሽን ምርመራ» ብዬ ፈረምሁ። ብስክሌት ማሽን አይደለም የሚል ይከራከረኝ። የሹካውን አፍ ከውስጥ ወደ ውስጥ ለካሁ፤ መቶ ሃያ ሚሊሜትር። የአዲሱን ጎማ ፔርኖ፣ ሹካው ከሚያርፍበት ዳዶ እስከ ዳዶ ለካሁ፤ መቶ ሃያ ስድስት። የአስተማሪው ብስክሌት ከአባቴ ብስክሌት ወዲህ የተሠራ ነው፤ ወዲህ የተሠሩት ጥርሳቸው ስለሚበዛ ፔርኗቸው ይሰፋል። በስድስት ሚሊሜትር ምክንያት ብስክሌት ሊሄድብኝ ነው።

ጓደኛዬ የሹካውን አንድ ወገን እኔ ሌላውን ይዘን እንደ ገመድ ጉተታ ብንጎትተው ጎማው ይገባ ነበር፤ አስገብተነውም አየን። ስንለቀው ግን ሹካው ጥርቅም ብሎ ነከሰው። አባቴ ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው ጎማው በገዛ ራሱ መግባቱን ነው። ሁለት ሴት ግራና ቀኝ ቆመው ሹካ ሲያላቅቁ ቢያይ ፈተናው እዚያ ላይ ያበቃል።

ሽማግሌው ሲያዩን ቆዩና ብረት ጎትተው ቢለቁት ይመለሳል፣ ከሚፈልጉት አሳልፈው ቀስ ብለው መክፈት ነው አሉ። ጀልባ ውሃ የማያስገባው ምስማሩ ስለጠበቀ ሳይሆን ደረቁ ሳንቃ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ እርስ በርሱ ስለሚጨናነቅ መሆኑን ያኔ ነገሩኝ። እንደነገሩኝም አደረጉ። ክረምትና በጋ ያለፈበት ደረቅ የዋንዛ ጉማጅ አመጡ፤ እብጠቱ ወደ ጎን እንዲሆን አግድሞ ቆረጡት፤ በሹካው አፍ መካከል በመዶሻ መታ መታ አድርገው አስገቡት። ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ የአባቴን ሰማያዊ ኮርሳ በገመድ አስረን ከወገቡ በታች ጣና ውስጥ ነከርነው።

«ዓርብ እኩለ ቀን ይውጣ» አሉ። «አትዘግዩ፣ እንጨት ይበቃኛል አይልም።»

ከዚያ ወዲያ ያለው ጭንቀት የራሴ ነው። ሐሙስን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ ክር እየመረመርሁ የማስበው ጉማሬን ነበር። ጉማሬ ወጥቶ ቢረግጠውስ? ለአባቴ ምን ብዬ ነው የምነግረው? ብስክሌትህን ጉማሬ ነዳው ልበለው? ጓደኛዬ ይህን ስነግራት ከሳቋ የተነሣ ተቆጣጣሪው መጥቶ ለያየን።

ዓርብ መጣ። ዓርብ ደግሞ ሃያ አንድ፣ ማርያም ነበረች። አብዮቱ ለማርያም ፈቃድ ስለማይሰጥ ሆዴን አመመኝ ብዬ ከፋብሪካ ቀረሁና ቤተ ክርስቲያን ዋልሁ። ብስክሌቱን አልረሳሁትም። ግን እንዲህ አልሁ፤ ዛሬ ዓርብ ነው፣ ሽማግሌው መስጊድ ናቸው፣ በጸሎታቸው ቀን ሄጄ ገመድ ጎትቱልኝ ማለት ነውር ነው፤ ደግሞም ጨዋ ሰው ናቸው፣ የኔን በዓል አውቀው እሳቸው ራሳቸው ያወጡት ይሆናል። ይህን ብዬ የዝክር ዳቦዬን በላሁ።

ቅዳሜ ከሥራ በኋላ የግድ የምንቀመጠው ውይይት ሲያልቅ፣ ከጓደኛዬ ጋር ወደ ሐይቁ በረርን። ገመዱ እንደታሰረ ነው። ብስክሌቱ ውሃ ውስጥ ነው። ሽማግሌው ጀልባ እየላጉ ቀና አሉና «ዓርብ ሳትመጪ ቀረሽ?» አሉኝ።

«ጁምዓ ስለሆነ እንዳላስቸግርዎ ብዬ ነው» አልሁ።

መላጊያቸውን አስቀመጡ። «እኔ ደግሞ ማርያም ናት፣ የልጅቷን ንብረት በበዓሏ አልነካም ብዬ ተውሁት። ይህችንም ልታወጣው ስትል እኔ ነኝ የከለከልኋት።»

ሦስታችንም ተያየን። የሽማግሌው ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጓደኛዬ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ አባቴ የሚመለሰው በማግስቱ ነው። ተከባብረን፣ ተሳስበን፣ ብስክሌቴን ልንቀብረው ነው አልሁና ውሃ ውስጥ ገባሁ።

ጉማጁ አብጦ ከእንጨትነት ወጥቷል። መትተን አውጥተን ብረቱ የሚመለሰውን ያህል እስኪመለስ ጠበቅንና ለካሁት። መቶ ሃያ ዘጠኝ። ጎማው መቶ ሃያ ስድስት። ከሦስት ቀን በፊት ስድስት ጠብቦ የነበረው አሁን ሦስት ሰፋ። መልሰን እንጫነው ብል ሽማግሌው እጄን ያዙኝ፤ ብረት ወዲያና ወዲህ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ ይልቅ ክፍተቱን ሙዪው አሉኝ። የመረብ ክር ከአንዱ የሹካ አፍ አስነሥተው በመሪው ሥር አዙረው ወደ ሌላው መለሱና፣ ክሩ ኮርቻውን ከተሸከመው ብረት በግራም በቀኝም እኩል መራቁን አሳዩኝ። ጀልባ አለመጥመሙን የሚያዩት እንዲሁ ነው። ስለዚህ የጎደለው በእያንዳንዱ ወገን አንድ ሚሊሜትር ተኩል ነበር፤ አንድ አንድ ሮንዴላ፣ ማለት መካከሉ የተበሳ ስስ ክብ ብረት።

በዳሱ ውስጥ ያለ ሮንዴላ ሁሉ አንድም ወፍራም ነው አንድም ቀዳዳው አያስገባም። የወተት ቆርቆሮ ክዳን ለካሁ፣ የኮት ቁልፍ ለካሁ፣ የጓደኛዬን የጫማ ማሰሪያ ብረት ለካሁ። ካሊብሮውን ይዤ ያልነካሁት ነገር አልነበረም። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ ደረቴ ላይ ያለውን ባጅ በካሊብሮው አፍ ያዝሁት።

ይህ ባጅ የአብዮት በዓል ሲከበር ለሠራተኛውም ለቀበሌውም ሰው ሁሉ የታደለ ነው። ክብ፣ ቢጫ ብረት፣ መካከሉ ላይ ኮከብ ያለበት። ከደረታችሁ እንዳይለይ ተብለናል። የጠፋበት ሰው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ግለ ሂስ ያደርጋል፤ አንድ የጋራዥ ሠራተኛ ሚስቴ ከሸሚዜ ጋር አጠበችው ብሎ የአንድ ሰዓት ሂስ ወርዶበታል። ካሊብሮው አንድ ነጥብ አምስት አለ።

ጓደኛዬን አየኋት። አየችኝ። የራሷን ባጅ ፈትታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ሽማግሌው መሰርሰሪያቸውን አቀበሉንና «እኔ ያየሁት ነገር የለም» ብለው ፊታቸውን ወደ ጀልባቸው አዞሩ። የኋላውን መርፌ በፒንሳ ነቅለን፣ መካከሉን በስተን በሞረድ አስፋነው። የኮከቡ ሆድ ሄዶ አምስቱ ጫፎች ቀሩ። ለስላሳው ጀርባ ከውስጠኛው ዳዶ ጋር ይጋጠም አልሁና ኮከቡን ወደ ውጭ አደረግሁት። የሰባራውን ጎማ ላስቲክ አየር ከሚሞላው ከመነዳሪው ጋር ወደ አዲሱ አዛወርሁ። ከዚያ ኮርቻውን አንሥቼ አስገባሁት። ሳይገፋ፣ ሳይጎተት፣ በገዛ ራሱ ገባ። እንዲያውም ከቀድሞው ይሻል ነበር ብል አባቴን መሳደብ አይሁንብኝ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አባቴ ፍል ውሃው አቅልቶት፣ እናቴ ደግሞ ደክሟት መጡ። አባቴ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ወደ ብስክሌቱ ሲሄድ፣ ማን ከኋላው ተከትሎ ቢገባ ጥሩ ነው? የቀበሌው ሊቀመንበር። እንኳን ደህና መጣችሁ ሊል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ያየውን ሁሉ መናገር ሥራው ነበር፣ ያለ ሥራውም ይናገር ነበር። ባጁ ደረቱ ላይ ያብረቀርቃል። እናቴ ጠላ ቀዳችለት፤ እሱም ፈተናውን ሊያይ ዱካ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ።

«ልጅህ ጎበዝ ነጂ ሆናለች» አለ ገና ከመቀመጡ። «ሰኞ ዕለት ጓደኛዋን አፈናጥጣ ስታልፍ ሰላም ብላኛለች።»

አባቴ ዞሮ አየኝ። እኔ ዳዶውን አየሁ።

«አውጪ» አለኝ።

አወጣሁ። ጎማው በራሱ ወጣ። እንደ ልማዱ ፔርኖውን ሊጠርግ ጎማውን ከእጄ ተቀበለኝ። መጀመሪያ የጎማውን እምብርት አየና ግንባሩ ተቋጠረ፤ የሱ ጎማ እንዳልሆነ በአንድ አፍታ ነው ያወቀው። ቀጥሎ ፔርኖው ላይ ያለውን አየ። ኮከቡን። ዓይኑ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ደረቴ መጣ፤ ደረቴ ላይ ምንም የለም። ከደረቴ ተነሥቶ ወደ ሊቀመንበሩ ደረት ሄደ። እዚያ ላይ አለ። እኔ በዚያች ቅጽበት ብስክሌቱን ረሳሁት። ወንድሜ ይውሰደው፣ ማክሰኝት ድረስ እኔው እየገፋሁ ላድርስለት፣ ብቻ አባቴ ላይ ነገር አይምጣ አልሁ በልቤ።

አባቴ ረጋ ብሎ ጎንበስ አለ። አውራ ጣቱን የግራሶው ቆርቆሮ ውስጥ ነከር አድርጎ ኮከቡን ቀባው። ጎማውን ገለበጠና ሁለተኛውንም ቀባው። እናቴ የምታየው እጁን ነበር፤ ነገሩ ገብቷት ጠላውን ሊቀመንበሩ ፊት ለፊት ቆማ ጨመረችለት።

«ምንድን ነው ያ? ያበራ ነበር እኮ» አለ ሊቀመንበሩ፣ በእናቴ ቀሚስ አጠገብ አንገቱን አስግጎ።

«ሮንዴላ ነው» አለ አባቴ። «የድሮ ዕቃ። አሁን እንዲህ ያለ አይሠሩም።»

ሊቀመንበሩ እውነት ነው፣ የድሮ ዕቃ የድሮ ነው ብሎ ጠላውን ጠጣ። በስብሰባ ላይ ቢሆን እንዲህ አይልም ነበር።

አባቴ ጎማውን መለሰልኝ። አስገባሁት። በጥፍሩ የፔርኖውን ጫፍ ዳሰሰ፤ እኩል ነው። አውራ ጣቱን በግራ ሰደደ፣ በቀኝ ሰደደ፤ እኩል ነው። አሽከረከረና ጆሮውን ሰጠ። እኔ የጎማውን ዙር ቆጠርሁ። ብዙ ዞረ።

«ልክ ነው» አለ።

ሊቀመንበሩ አጨበጨበልኝ፤ ሴቶቻችን እንዲህ ናቸው መሆን ያለባቸው አለ፤ ሦስተኛ ጠላውን ጨርሶ ሄደ። በሩ ተዘጋ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። አባቴ ልክ ነው ያለው ሌላ ማለት ስለማይችል መሰለኝና አፈርሁ። የሰረቅሁት ነገር እጄ ላይ እንዳለ ነው የተሰማኝ።

«አባባ፣ ሰብሬዋለሁ» አልሁት። ከዚያ ሁሉንም አወራሁለት። መሐላውን፣ ድንጋዩን፣ ካሊብሮውን፣ ጣና ውስጥ መንከሩን፣ ዓርብን። ዓርብ ላይ ስደርስ እናቴ መቻል አቅቷት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። አባቴ ግን አልሳቀም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ ማን ለካው አለኝ። እኔ አልሁት። ራሱን ነቀነቀ።

«ነገ ፋብሪካ ምን አድርገሽ ልትገቢ ነው?»

ይህን አላሰብሁበትም ነበር። ወደ ደረቴ ሳይ አባቴ ከግድግዳው ላይ ኮቱን አወረደ፤ ለሰልፍ የሚያደርገውን የራሱን ባጅ ፈታና ሸሚዜ ላይ ሰካልኝ። እናቴም ጓዳ ገብታ የራሷን አመጣችና ይህን ለዚያች ለሳቂታዋ አለችኝ።

ከዚያ አባቴ መፍቻውን አንሥቶ ጎማውን እንደገና አወጣው። ሁለቱን ባጆች ከፔርኖው አውልቆ ግራሶውን በጨርቅ ጠረገ፤ ኮከቦቹን አንድ በአንድ ገልብጦ፣ ኮከቡ ተሸሽጎ ለስላሳው ጀርባ ወደ ሹካው እንዲሆን አድርጎ መልሶ አስገባቸው። ዳዶውን እሱ አላጠበቀም። መፍቻውን ለኔ ሰጠኝ።

«ፊቱን ወደ ውስጥ ነው የሚደረገው» አለኝ። «ሌላው ልክ ነው። ወንድምሽን ነገ ምሳ አብልተን እንሸኘዋለን።»